ናቼዝ ላይ የነበረው ስደተኛ የጣውላ ነጋዴ ቀኑን እንዴት ይውል ነበር?

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። አሁን 31 መልስ ደርሷል። አዲስ የሚገቡ ሰዎች መሐል ላይ እየጠፉ ቀድሞ የተመለሰውን ደግመው ይጠይቃሉ። ስለዚህ የተባባልነውን በየቁጥሩ፣ በራሴ አነጋገር ልተርክላችሁ። ዓመቶቹና ቀኖቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የእኛን ስጠቅስ ለይቼ እናገራለሁ።

የመክፈቻው ጽሑፍ

አትላንታ አካባቢ ጣውላ መሸጫ ውስጥ ነው የምሠራው። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ሐምሌ ልጆቼን ይዤ በመኪና ወደ ሚሲሲፒ ወረድን፤ ናቼዝ አደርን። ከተማዋ ገደል አፋፍ ላይ ናት። ከገደሉ ሥር የሚሲሲፒ ወንዝ አለ። ድሮ እዚያ ታች፣ ውሃው ዳር፣ በእንፋሎት የሚሠራ እንጨት መሰንጠቂያ ነበር። ባለቤቱ አንድሩ ብራውን ይባላል። ስኮትላንዳዊ ነው። በ1820ዎቹ ናቼዝ ገባ። መጀመሪያ ቤት ሠሪ ነበር። ኋላ መሰንጠቂያውን ገዛና ጣውላውን በወንዝ እያወረደ እስከ ኒው ኦርሊንስ መሸጥ ጀመረ።

እኔም ስደተኛ ነኝ፤ እኔም ጣውላ ሻጭ ነኝ። ሰውየው ልቤ ገባ። የእሱ አንድ ቀን ምን ይመስል ነበር ብዬ ጠየቅሁ። ግንዱን ከማን ይገዛል? ለማን ያበድራል? ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው ምንድን ነው? መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጨመርኩ። ማንንም ሳይነካ በላቡ የሠራ ሰው በሰው አገርም ይከብራል፣ ለዚህም ብራውን ምስክር ነው አልኩ። ክሩን ያስረዘመችው ይቺ የመጨረሻ መስመር ናት።

መልሶቹ

1። ዳላስ የምትኖር እህት በጣም በጨዋነት ጀመረች። ለጽሑፉ አመሰገነችኝ። የዚያን ጊዜ ስደተኛ ሁሉ ኒው ዮርክና ቦስተን የቀረ ይመስላት እንደነበር ነገረችን። ደቡብ ድረስ ማን ይሄድ እንደነበር ጠየቀች።

2። ታሪክ የሚያጠና ልጅ መለሰላት። አብዛኛው በእርግጥ ሰሜን ነበር የሚቀረው። በ1860 አሜሪካ ውስጥ ውጭ አገር የተወለዱ ሰዎች ወደ 4 ሚሊዮን ይደርሱ ነበር፤ ደቡብ የገባው ጥቂቱ ነው። ምክንያቱም ደቡብ ውስጥ ሥራውን የያዘው ባርነት ነበር። ደመወዝ ፈላጊ ብዙ አይፈለግም። የወደብ ከተሞች ግን ይለያሉ። ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ከአሥሩ ሰው አራቱ ገደማ የውጭ ተወላጅ ነበር። ከዚያ የአየርላንዶቹን ነገር አነሳ። በ1830ዎቹ እዚያው ከተማ ረግረጉን ሰንጥቀው ቦይ የቆፈሩት እነሱ ናቸው፤ በበሽታ በብዙ ቁጥር አለቁ። አሠሪዎቹ አየርላንዱን የመረጡበት ምክንያት ግልጽ ነበር። ባሪያ ቢሞት የተከፈለበት ገንዘብ አብሮ ይሞታል። ስደተኛ ቢሞት ሌላ ስደተኛ ከመርከብ ይወርዳል። ይህን ያነበብኩት ማታ ነው። ቶሎ አልተኛሁም።

3። አዲስ አበባ ያለ አናጺ ገባ። እሱ የፈለገው እንጨቱን ማወቅ ነው። ሳይፕረስ የሚለውን ሲያይ የእኛው የፈረንጅ ጥድ መስሎታል። የፈረንጅ ጥድ ለሞራሌ ደህና ነው፣ ዝናብ ላይ ግን ብዙ አያምነውም። እንዴት ለኒው ኦርሊንስ እርጥበት ቻለ ብሎ ተገረመ።

4። አንዲት ሴት አጠር አድርጋ አረመችው። ስሙ ነው የሚመሳሰለው፤ ዛፉ ሌላ ነው። የሚሲሲፒው ሳይፕረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ያድጋል። በመኸር ቅጠሉን ያራግፋል። ሥሩ ዙሪያ እንደ ጉልበት ብቅ ብቅ የሚል ነገር አለው። እንጨቱ ብስባሴን በመቋቋም የታወቀ ነው።

5። ይህን መልስ ሦስቴ አንብቤዋለሁ። የጻፉት ዕድሜያቸውን በደን ሥራ ያሳለፉ አባት ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እያልን ነው የምንጠራቸው። ንግዱ በሙሉ የሚጀምረው ከዛፉ ክብደት መሆኑን አስረዱን። እርጥብ የሳይፕረስ ግንድ ውሃ ላይ አይንሳፈፍም፤ ይሰምጣል። ስለዚህ ፈላጮቹ በመኸር ረግረግ ገብተው የዛፉን ግንድ ዙሪያውን በመጥረቢያ ይከረክሙታል። ዛፉ እንደቆመ ይሞታል፤ እንደቆመ ይደርቃል። ከዚያ ነው የሚጣለው። ጸደይ ላይ ወንዙ ሲሞላ ውሃው ራሱ ግንዱን ከጫካ ያወጣዋል። ግንዶቹ እርስ በርስ ይታሰሩና እንደ ታንኳ ይነዳሉ። ብራውን ብዙውን ግንድ የሚያገኘው ከሰሜን፣ ከያዙ ወንዝ ረግረግ ነበር። ግንዱ በያዙ ወርዶ ቪክስበርግ አጠገብ ሚሲሲፒ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ እስከ ናቼዝ።

ጋሼ ከዚህ ተነስተው የጠየቅሁትን የመጀመሪያ ጥያቄ መለሱልኝ። እንዲህ ዓይነት ነጋዴ ጠዋት ተነስቶ መጀመሪያ የሚያየው የወንዙን ልክ ነው። ውሃው ካልሞላ ግንድ የለም። ግንድ ከሌለ መጋዙ ይቆማል። በአንድ ጊዜ በኃይል ከሞላ ደግሞ የታሰረው ግንድ ተበጥሶ ይሄዳል። እኔ መደብር ውስጥ ጠዋት ኮምፒውተር ከፍቼ ነው ያለውን የማየው። ሰውየው ወንዙን ነበር የሚከፍተው።

6 እና 7። አናጺው ስህተቱን በደስታ ተቀበለ፤ ጣውላው በምን ይለካ እንደነበር ጠየቀ። ይህን እኔ መለስኩ፤ ዛሬም የምንሠራበት ስለሆነ። አንድ ጫማ ርዝመት፣ አንድ ጫማ ስፋት፣ አንድ ኢንች ውፍረት ያለው እንጨት አንድ ቦርድ ፉት ይባላል። ዋጋው የሚነገረው በሺህ ነው። በዚያ ዘመን መጋዙ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ዓይነት ነበር። የእንፋሎቱ ማሞቂያ የሚበላው ፍልጡንና ሰጋቱራውን ነው። እሳትና ሰጋቱራ አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው ማለት ነው። የእኔ መደብር ውስጥ ሲጋራ ያጨሰ ሰው በዚያው ቀን ይባረራል።

8 እና 9 ስለ አዲስ አበባ የጣውላ ዋጋ ናቸው። ንዴቱ ይገባኛል፤ ግን እዚህ አልደግመውም።

10። ዋሽንግተን ያለ የሒሳብ ባለሙያ የንግዱን ገንዘብ ፈታልን። ደንበኛው ጥጥና ሸንኮራ ያለው ባለ እርሻ ነው። ባለ እርሻ ደግሞ ገንዘብ የሚያየው በዓመት አንዴ ነው፤ ምርቱ ኒው ኦርሊንስ ወርዶ ሲሸጥ። ስለዚህ የአጥሩን፣ የበሩን፣ የጣሪያውን እንጨት በዱቤ ይወስዳል። ነጋዴው ግን ግንድ አምጪውን ዓመት ሙሉ ጠብቀኝ ሊለው አይችልም። በሁለቱ መሐል የሚቀመጠው የዱቤ መዝገቡ ነው። በ1837 የጥጥ ዋጋ ወደቀ፤ ባንኮች የወረቀት ገንዘባቸውን በወርቅና በብር መቀየር አቆሙ። የሚሲሲፒ ባንኮች አንድ በአንድ ተንኮታኮቱ። እንግዲህ ያኔ መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር ሁሉ ጥያቄ ሆነ። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው ምን እንደነበር የጠየቅሁት እዚህ ጋ መልስ አገኘ።

11። ደሴ ያደገች ልጅ የእናቷን ሱቅ የዱቤ ደብተር አስታወሰች። እናቷ ማንበብ አይችሉም ነበር። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ ምልክት ነበረው፤ ለአንዱ መስቀል፣ ለሌላው ክብ። ከጉዳዩ ይርቃል። ግን ከመልሶቹ ሁሉ ልጄ ደጋግማ እንዳነብላት የጠየቀችኝ ይቺን ነው።

12። እዚህ ላይ አየሩ ተቀየረ። የጻፈችው ሴት ሰላምታ አልሰጠችም። በመክፈቻው ጽሑፌና በ7ኛው መልሴ ሰዎቹን አንዴም እንዳልጠቀስኳቸው አሳየችኝ። መጋዙ ይመላለሳል፣ ጣውላው ይወርዳል፣ ዋጋው ይነገራል፤ የሚያነሳው እጅ ግን የለም። መሰንጠቂያው ውስጥ ከሚሠሩት አብዛኞቹ በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። አንዳንዶቹ የብራውን የራሱ፣ አንዳንዶቹ ከሌላ ባለቤት የተከራያቸው። ማንንም ሳይነካ ያልኩትን መስመር ገልብጣ አስቀመጠችና ሳይመን ግሬይ የሚባል ሰው አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

13። እኔ ነኝ። የዚህን መልስ አጻጻፌን አልወደድኩትም፤ ግን አላጠፋሁትም። ተቆጣሁ። የጠየቅሁት ስለ ንግድ መሆኑን፣ የዘመኑን ሰው በዛሬ መስፈርት መመዘን እንደማይገባ ጻፍኩ። ሳይመን ግሬይ ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

14። ያቺው ሴት ተመለሰች። በዚህ ጊዜ ረጋ ብላ ነው። ሳይመን ግሬይ በባርነት የተያዘ ሰው ነበር። በ1835 ከሕጋዊ ባለቤቱ ላይ ብራውን ተከራየው። ከዓመታት በኋላ የጀልባ አለቃ አደረገው። እነዚያ ጀልባዎች መርከብ አይደሉም፤ ጠፍጣፋ፣ ሞተር የሌላቸው፣ ከወንዙ ጋር የሚወርዱ ናቸው። ከናቼዝ ኒው ኦርሊንስ በውሃ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ግሬይ ጣውላውን ጭኖ ይወርዳል። መንገድ ላይ በየእርሻው እየቆመ ይሸጣል። ዋጋ ይከራከራል። ዱቤ ይሰጣል። የቀረ ዕዳ ይሰበስባል። ከሥሩ ከሚቀዝፉት መሐል ነጮች ነበሩ፤ ደመወዛቸውን የሚከፍላቸው እሱ ነው። ለድርጅቱ በገዛ እጁ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ሚሲሲፒ ውስጥ ባሪያን ፊደል ለማስተማር መሰብሰብ በሕግ በተከለከለበት ዘመን።

ከዚህ መልስ በኋላ የመክፈቻ ጥያቄዬን መልሼ አነበብኩት። ለማን ያበድራል ብዬ ነበር። ለካ ደጅ ወጥቶ የሚያበድረው ሌላ ሰው ነው። እኔ የነጋዴውን ቀን ስጠይቅ የጠየቅሁት የሳይመን ግሬይን ቀን ነው።

15። አንድ ወንድም ይህን ሲያነብ ለብራውን ጥብቅና ቆመ። ባሪያን አምኖ ገንዘብ የሰጠ፣ ነጭ ላይ የሾመ፣ ለራሱም ደመወዝ የከፈለው ሰው እንዴት ክፉ ይባላል አለ። ግሬይ በእርግጥ በእጁ የሚያገኘው የወር ክፍያ ነበረው።

16። መልሱ ስለታም ነበር፤ ስድብም ነበረበት፤ አስተዳዳሪው ስድቡን አነሳው። የቀረው ይኸው። ለግሬይ ሥራ ኪራዩ የሚሄደው ለባለቤቱ ነው። ሰውየው የፈለገውን ያህል ቢታመን የፈለገው ቦታ የመሄድ መብት የለውም። በባርነት ያለ ሰው ብቻውን መንገድ ላይ ከተገኘ ከነጭ የተጻፈ ወረቀት ማሳየት አለበት። ናቼዝ ዳር ደግሞ ሰው የሚሸጥበት ትልቅ ገበያ ነበር፤ በዚያ አካባቢ ከኒው ኦርሊንስ ቀጥሎ ትልቁ። ግሬይ በየጊዜው ያንን ገበያ እያወቀ ነው ጣውላውን ሸጦ የሚመለሰው። ለምን ይመለሳል ላለው ጸሐፊው ራሱ መለሰ። ሚስትና ልጆች ነበሩት።

17። አንድ ሰው ወደ ቤታችን አዞረው። ስለ አሜሪካ ባርነት እንዲህ የምንቆጣ ሰዎች ስለ ራሳችን አያቶች ቤት ዝም ማለታችን ትክክል እንዳልሆነ ጻፈ። እሱ ያደገበት ቤት ውስጥ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ዘመድ ናቸው ይባላል፤ ግን ማንም የማን ልጅ እንደሆኑ አይናገርም። ካደገ በኋላ ነው ነገሩ የገባው።

ከ18 እስከ 20 ያሉት ጭቅጭቅ ናቸው። አንዱ የእኛውን ከዚያኛው ጋር ማነጻጸር አገርን ማዋረድ ነው አለ። ሌላው ልዩነቱን ዘረዘረ። ሦስተኛው ሁለቱንም ተሳደበና ወጣ።

21። ጋሼ ገቡ። እሳቸው ሲጽፉ ሁሉም ዝቅ ይላል። ኢትዮጵያ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ፣ በ1923፣ ባርነትን እንደምታስቀር ቃል መግባቷን አስታወሱ። በሕግ ጨርሶ የተሻረው በአዋጅ በ1934 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ነው። በ17ኛው መልስ የተጠቀሱትን አሮጊት ዕድሜ አስልተው በዚያ አዋጅ ጊዜ ልጅ ሊሆኑ እንደሚችሉ ጻፉ። ጸሐፊውን ስማቸውን ያስታውስ እንደሆነ ጠየቁት። እሱ እስከ ዛሬ አልመለሰም።

22። ነርስ የሆነች እህት ሌላ በር ከፈተች፤ ለእኔ ትልቁ ግኝት ይህ ነው። ኒው ኦርሊንስ ዝቅ ያለ መሬት ላይ ናት፤ የጉድጓድ ውሃዋ አይጠጣም ነበር። ሰው የዝናብ ውሃ ከጣሪያ እያወረደ በትልቅ የእንጨት በርሜል ያጠራቅም ነበር። በርሜሉ የሚሠራው ከሳይፕረስ ነው፤ ስለማይበሰብስ። ብራውን ጣውላ ከሚልክባት ከተማ ግቢ ውስጥ ይህ በርሜል ቆሞ ነበር ማለት ነው። ቢጫ ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ ደግሞ ከሁሉ በላይ የምትወደው ቤት ውስጥ የተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ነው። በ1853 አንድ ወረርሽኝ ብቻ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ወደ 8,000 ሰው ገደለ። ከሞቱት ብዙዎቹ አዲስ መጤ ስደተኞች ነበሩ፤ በሽታውን ልጅ ሳሉ ስላላዩት። ሕዝቡ አየሩ ተበክሏል ብሎ ሬንጅ ያቃጥላል፣ መድፍ ይተኩሳል። ትንኟ መሆኗ የተረጋገጠው በ1900 ነው። በ1905 ከተማዋ በርሜሎቹን ከደነች፣ ጋዝ አፈሰሰችባቸው፤ ከዚያ ወዲህ ቢጫ ወባ እንደ ወረርሽኝ አልተመለሰም።

23። ድሬዳዋ ያለ የጤና ባለሙያ ተቀበላት። በ2013 ከተማቸውን የመታው የደንጊ ትኩሳት በዚያችው ትንኝ የሚተላለፍ መሆኑን አስረዳ። ቢጫ ወባም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ከ1960 እስከ 1962 ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጅቷል። ሮቶ ያላችሁ ክዳኑን እዩ ብሎ ለመነን። እናቴ ጋ ደወልኩ። የእኛው ክዳን ተሰንጥቆ ነበር።

24። አንድ ሰው ስለ 1840 አውሎ ነፋስ አነሳ። ግንቦት 7 ቀን ከቀትር በኋላ ናቼዝን መታት። 317 ሰው ሞተ፤ አብዛኛው ወንዙ ላይ፣ ጠፍጣፋ ጀልባዎቹ ውስጥ። ወንዙ ማዶ በየእርሻው የሞቱት ባሮች ግን በቁጥሩ ውስጥ በአግባቡ አልገቡም። ይኸው ጸሐፊ ጣውላ የሚፈለገው እንዲህ ካለ ቀን ማግስት መሆኑንም አከለ። እኔም አውሎ ነፋስ ባለፈ ማግስት መደብራችን በር ላይ የሚሰለፈውን ሰው አውቀዋለሁ። ፊታቸውን ማየት ይከብዳል።

25። የ12ኛዋ ጸሐፊ ስለ ዊልያም ጆንሰን ነገረችን። እዚያው ናቼዝ ጸጉር አስተካካይ ነበር፤ በባርነት ተወልዶ ነጻ የወጣ ጥቁር። ከ1835 እስከ 1851 በየቀኑ ማስታወሻ ጽፏል። የከተማዋን የዕለት ኑሮ ዛሬ የምናውቀው ብዙውን በእሱ ብዕር ነው። ግን እሱ ራሱም ባሮች ነበሩት። በ1851 በመሬት ድንበር ጠብ ጎረቤቱ ገደለው። ያዩት ጥቁሮች ነበሩ። የጥቁር ምስክርነት ነጭ ላይ አይሰማም ነበርና፣ ገዳዩ ነጭ ነኝ ብሎ ተከራክሮ ሳይፈረድበት ቀረ።

26 እና 27 የብራውንን የአበባ ግቢ የሚያደንቁ ናቸው። በእንፋሎት መርከብ የሚያልፉ መንገደኞች ሳይቀሩ ያውቁት ነበር። ቆንጆ ነበር ይባላል። አልፈዋለሁ።

28። የ15ኛው ወንድም ተመለሰ። በጉዳዩ ላይ አንብቤ ነው የመጣሁት አለ። ለብራውን የተናገረውን ሁሉ እንዳላነሳው፣ ነገር ግን ደመወዝን ከነጻነት ጋር ማምታታቱን እንደተረዳ ጻፈ። 16ኛውን ጸሐፊም ይቅርታ ጠየቀ፤ የተሰደበው እሱ ሆኖ ሳለ።

29። ስለ መጨረሻው የጻፈው የታሪክ ተማሪው ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ቪክስበርግ ሐምሌ 4 ቀን 1863 ወደቀች፤ በዚያው ወር የሰሜኑ ጦር ናቼዝ ገባ። የሰው መሸጫው ቤቶች ፈረሱ። እንጨታቸው ተነቅሎ ለወታደሮች ማደሪያ መሥሪያ ዋለ። ከ1863 ወዲህ የሳይመን ግሬይ ስም በብራውን ድርጅት ወረቀቶች ላይ የለም።

30። አናጺው ተመልሶ መጣ። በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ነገር ከነከነው። ጋሼ በ5ኛው መልስ እርጥቡ ግንድ ይሰምጣል ብለዋል። የሰመጡትስ የት ደረሱ?

31። ይህን የመለስኩት ትናንት ማታ ነው። እዚያው ናቸው። ሳይፕረስ ውሃ ሥር አይበሰብስም። ዛሬም ጠላቂዎች ከደቡቡ ወንዞች ጭቃ ውስጥ እየጎተቱ ያወጧቸዋል፤ ከመቶ ዓመት በላይ የተኙ ናቸው። ደርቀው ሲሰነጠቁ ውስጣቸው የወይራ አረንጓዴና የሻይ ቡናማ ነው። ከአዲሱ በጣም ይወደዳሉ። መደብራችን አንዳንዴ ይገባሉ። አንዳንዶቹ ጫፋቸው ላይ የባለቤቱ ምልክት በመዶሻ ተመትቶባቸዋል። ማክሰኞ ዕለት አንዱን ጣውላ ለደንበኛ ልቆርጥ አስቀመጥኩት። ጫፉን በእጄ ዳሰስኩ፤ ምልክት አልነበረበትም። ዳር ላይ ግን የመጥረቢያ ምት አለ፤ ዙሪያውን ሊከረክም የጀመረ ሰው ሳይጨርስ የተወው የሚመስል። አናጺው ፎቶውን ለምኖኛል፤ ነገ እለጥፈዋለሁ።